ከማይነሣ መኪና የማይቆመው ይከፋል
ስለ አሮጌው ኮሮላና ስለ ቤተ ሰቡ ጥበቃ

በደጃፋችን ቆሞ የሚያድር አሮጌ መኪና የብረትና የመስተዋት ክምር ብቻ አይደለም። አባት የብዙ ዓመት ቍጠባውን ያፈሰሰበት፥ እናት የታመመ ሕፃን ታቅፋ በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት የደረሰችበት፥ ልጆችም ለሠርግና ለክርስትና፥ ለልቅሶና ለንግሥ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው የሄዱበት የቤት ንብረት ነው። ስለዚህ የዚህን ንብረት ጤንነት መከታተል የመካኒክ ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤት አስተዳደር ክፍል ነው፤ ለቤቱ ጣራና ለጓዳው እህል የሚታሰበውን ያህል ሊታሰብለት ይገባል።

በከተሞቻችን ከእንዲህ ያሉት መኪናዎች መካከል እጅግ የታወቀው ቶዮታ ኮሮላ፥ በተለይም ሕዝቡ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራው ነው። ዲኤክስ የሚለው ፊደል ዴሉክስ ለሚለው ቃል ምልክት ሆኖ የተለጠፈ ነው፤ የመኪናው ስም ግን ኮሮላ ነው። ኮሮላ በጃፓን ሀገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፥ አራተኛው ትውልድ በ1979፥ አምስተኛው በ1983፥ ስድስተኛው ደግሞ በ1987 ተከታትለው ወጡ። እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ የሞተሩ ኀይል የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማዎች ነበር፤ ከአምስተኛው ወዲህ ግን ባለ አራት በሩ የቤተ ሰብ ኮሮላ በፊት ጎማዎቹ የሚሳብ ሆነ። እንግዲህ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ከ30 ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሎች ናቸው።

ይህን ያህል ዘመን መቆየታቸው ምሥጢር የለውም። ሞተራቸው አነስተኛ ነው፤ ብዙዎቹ 1300 ሴንቲ ሜትር ኩብ ግድም ናቸው። ኮፈናቸው ሲከፈት እጅ የሚያስገባ ስፍራ አለ፤ ካርቡራተሩና ካንዴላው ያለ ኮምፒዩተር ይመረመራል፤ የመለወጫ ዕቃቸውም በየሰፈሩ ይገኛል። ነገር ግን «አይበላሽም» የሚለው ዝናቸው ራሱ ጉዳት አምጥቶባቸዋል። የማይበላሽ የመሰለው ዕቃ ጠባቂ ያጣልና።

ከዚህም ሌላ ዘመኑ አሮጌውን መኪና በእጃችን እንዲቆይ አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ብዙ ቤተ ሰብ ያለውን አድሶ ከመያዝ በቀር ሌላ አማራጭ የለውም። ጥያቄው መኪናው ገና ስንት ዓመት ይሠራል የሚለው ብቻ አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ በውስጡ የሚቀመጡትን ሰዎች እንዴት ይጠብቃል የሚለው ነው።

ሁለት ዓይነት ጉድለት

የአሮጌ መኪና ጉድለት ሁሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መኪናውን ከመንገድ ላይ የሚያስቀር ነው፤ ሁለተኛው መኪናው መቆም ሲገባው እንዳይቆም ወይም መታጠፍ ሲገባው እንዳይታጠፍ የሚያደርግ ነው። ሰው በተፈጥሮው የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ በመንገድ መሀል ቆሞ በክላክስ መጮህና በሰው መገፋት ያሳፍራልና። ሁለተኛው ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ማንም ሳያየው ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል። የማይነሣ መኪና ያሳፍራል፤ የማይቆም መኪና ግን ይገድላል። ሁለቱንም በየተራ እንመልከት።

መኪናን ከመንገድ የሚያስቀሩ

የአሮጌው ኮሮላ ዋነኛ ጠላት ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ለዚህ የተበጀው መከላከያ የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ስለሚያቈይ ውሃው የሚፈላበትን ልክ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅና ሞላው ሲደክም ግን ይህ ጥበቃ ይጠፋል። በጥቂት ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል ክዳን ችላ ተብሎ ሞተር የተቃጠለበት ቤት ብዙ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በራዲያተሩ ውስጥ ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመር ነው። ውሃ ብረትን ያዝጋል፤ ዝገቱም ዝቃጭ ሆኖ ቀጫጭኖቹን የራዲያተር መተላለፊያዎች ይደፍናል። ኩላንት የሚባለውን ፈሳሽ ለበረዶ ሀገር ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ዝገትን ስለሚከላከልና የመፍላትን ልክ ስለሚጨምር ለእኛም ሀገር የሚያስፈልግ ነው።

ሦስተኛው ስሕተት መኪናው ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ ወደ 82 ዲግሪ ግድም እስኪደርስ ውሃውን አግዶ የሚይዝ ትንሽ በር ናት። እርሷ ከወጣች ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፤ ቤንዚን ያባክናል፥ ውስጡም ቶሎ ይበላል፤ መነሻው የነበረው የተደፈነ ራዲያተር ግን እንደ ተደፈነ ይቀራል። ይህ በሽታውን ትቶ የሙቀት መለኪያውን እንደ መስበር ያለ ሕክምና ነው።

ሙቀቱ ከልክ ካለፈ የሚከተለው ከባድ ነው። የሞተሩ ራስ፥ ማለት ቴስታታው፥ የአሉሚኒየም ነው፤ ከሥሩ ያለው አካል ደግሞ ጠንካራ ብረት ነው። ሁለቱ በሙቀት የሚለጠጡበት ልክ አንድ ስላልሆነ ቴስታታው ይጣመማል፥ በመካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ውሃ ከዘይት ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ሲወጣ «ቤት እስክደርስ ይችላል» ማለት አይገባም፤ ወዲያው ጥግ ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ክዳኑንም ሞተሩ ሳይበርድ የከፈተ ሰው ፊቱን በፈላ ውሃ ያቃጥላል።

ከሙቀት ቀጥሎ ጢሱን መመልከት ነው፤ ጢስ የአሮጌ ሞተር ቋንቋ ነውና። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይነግራል፤ መኪናው ጠዋት ሲነሣ ብቻ ታይቶ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የቫልቮላ ጎማዎች ደርቀዋል፤ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ግን የፒስቶኑ ፋሻ ሳይበላ አይቀርም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጢስ ውሃ ወደ ውስጥ መግባቱን ያመለክታል። ጥቍር ጢስ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ይልቅ መብዛቱን ያሳያል። በደጋ አየሩ ሥሥ ነው፤ በአዲስ አበባ ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለቈላ የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ቤንዚን ያበዛል። ዘይቱን በየ5000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥና በሳምንት አንድ ቀን ልኩን ማየት ከእነዚህ ችግሮች ብዙዎቹን ያዘገያል።

የመጨረሻው፥ የሞተሩን ቫልቮላዎች ከፒስቶኑ ጋር በሥርዓት የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቀበቶ ነው። በቀድሞዎቹ ኮሮላዎች ይህን የሚሠራው ሰንሰለት ነበር፤ በኋላ በመጡት ብዙዎቹ ግን የጎማ ቀበቶ ተተካ። ይህ ቀበቶ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ አለበት። ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል፤ በአንዳንዱ ሞተር ቫልቮላውና ፒስቶኑ ይጋጫሉ፥ በሌላው ደግሞ መኪናው ባለበት ይቆማል። መኪናውን የገዛ ሰው ቀበቶው መቼ እንደ ተለወጠ ካላወቀ እንዳልተለወጠ ቈጥሮ መለወጥ አለበት።

መኪናን የማያቆሙ

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሻገር። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ፍሬን ነው። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ይጮኻል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ያስተውለዋል። የማይጮኸው የፍሬን ዘይቱ ነው። ይህ ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ሆኖ ይሠራል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ልኩ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቍልቍለት ፍሬን ሳይለቁ ሲወርዱ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይደርሳል፤ ዘይቱም ሲፈላ አረፋ ይሆንና ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፥ መኪናው ግን አይቆምም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ የወረደ ሰው ይህ ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ ቍልቍለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነውና። መድኀኒቱ ሁለት ነው፤ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ፥ ሲወርዱም ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ጉልበት መኪናውን መያዝ ነው። ቤንዚን ለመቈጠብ ማርሽ አውጥቶ መንከባለል ሕይወትን በጥቂት ሳንቲም መሸጥ ነው።

ሁለተኛው ጎማ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ይሞታል፤ ጎማው ይደርቃል፥ ጎኑ ይሰነጠቃል፥ በሙቀትና በፍጥነት ጊዜም ይፈነዳል። ዕድሜውን ለማወቅ በጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች መመልከት ይበቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ የአውሮፓውያኑን ዓመት ያመለክታሉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በየጊዜው ማስመርመር፥ አሥር ዓመት ከሞላው ግን ምንም አዲስ ቢመስል ማስወገድ ይገባል። በፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ ተረስታ የኖረችው ስኮርታም ከዚህ ሕግ አታመልጥም።

ሦስተኛው መሪና የፊት እግሮቹ ናቸው። የድንጋይ ንጣፍና ጕድጓድ የበዛበት መንገዳችን የመሪውን መጋጠሚያዎች ያላላል። መሪው በእጅ ውስጥ ሲዋልል፥ መኪናው በጕድጓድ ላይ ሲያልፍ «ኳ ኳ» ሲል፥ ወይም ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ሲበላ ነገሩ ተጀምሯል። በፊት ጎማዎቹ በሚሳበው ኮሮላ ደግሞ መሪ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፥ ኀይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው መጋጠሚያ ተበልቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው የተቀደደ የጎማ ከረጢት ነው፤ ቅባቱ ወጥቶ አቧራ ገብቷል። ከረጢቱ በጊዜው ቢለወጥ መጋጠሚያው ይድን ነበር። አባቶች «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ለዚህ ነው።

አራተኛው የመቀመጫ ቀበቶ ነው። እነዚህ መኪናዎች ሲሠሩ በአደጋ ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት በእነርሱ ዘንድ አልተለመደም ነበር፤ ስለዚህ ቀበቶው ያላቸው ዋና ጥበቃ ነው። ነገር ግን በብዙ መኪና የኋላው ቀበቶ ከወንበሩ ሥር ገብቶ ተረስቷል፥ ወይም ተቈርጧል። ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ሲቀመጥ የተጠበቀ ይመስላል፤ ግን በግጭት ጊዜ ክንድ ሊይዘው አይችልም። የልብሱን ሽፋን ለማሳመር ገንዘብ ያወጣ የቤት አባት ከዚያ በፊት ቀበቶዎቹን አውጥቶ ያሠራ።

የገንዘቡ ቅደም ተከተል

እንግዲህ የቤተ ሰብ ገንዘብ ሁሉን በአንድ ጊዜ እንደማያደርስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሥርዓት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ፍሬን፥ ጎማ፥ መሪና ቀበቶ ይሠሩ፤ እነዚህ የነፍስ ናቸው። ቀጥሎ የራዲያተሩ ነገር፥ ዘይቱና የሞተሩ ቀበቶ ይምጡ፤ እነዚህ የንብረት ናቸው። ከዚያ ሞተሪኖው፥ ዲናሞውና ባትሪው ይከተሉ፤ እነዚህ የጊዜና የክብር ናቸው። ቀለም፥ ራዲዮና የቸርኬ ጌጥ መጨረሻ ይሁኑ። በብዙ ቤት ግን ይህ ሥርዓት ተገልብጦ ይታያል፤ መኪናው እንደ ሙሽራ ያበራል፥ የፍሬን ዘይቱ ግን እንደ ቡና ጠቍሯል። ለዓመታዊው ቦሎ ምርመራ ሲባል ከሰው ጎማ ተውሶ አስገጥሞ ማለፍም ሰውን ማታለል አይደለም፤ የራስን ልጆች ማታለል ነው።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ ረዳት የሚሆን አንድ ርካሽ ዕቃ አለ፤ እርሱም ደብተር ነው። ከሊብሬው ጋር አንድ ደብተር ይቀመጥና የተለወጠው ዕቃ ሁሉ ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር ይጻፍበት። በቤት ውስጥ ፊደል የቈጠረ ልጅ ይህን ጸሐፊነት ደስ ብሎት ይይዛል። ደብተር ያለው መኪና ሲሸጥም ዋጋው አይወርድም።

ረጅም መንገድ ሲታሰብ

ለታኅሣሥ 19 ወይም ለሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄድ ቤተ ሰብ የመኪናውን ብርታት በሙሉ የሚፈትን መንገድ ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ከፍታ ተነሥቶ በአዋሽ ወደ 1000 ሜትር ግድም ይወርዳል፤ ከዚያ በቈላው ሙቀት የደከመው ሞተር የጨርጨርን ዳገት ይወጣል፥ ቁልቢም ዳግመኛ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ምርመራው በዋዜማው ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት ይሁን፤ የተገኘውን ጉድለት ለመሥራት ጊዜ ይኑር። መኪናው ለአምስት ሰው የተሠራ ከሆነ አምስት ሰው ይጫን፤ ትርፍ ጭነት ፍሬኑንም ጎማውንም ሞተሩንም በአንድነት ያደክማልና። በዳገት ሙቀቱ ከፍ ሲል የውስጡን ማሞቂያ መክፈት ጥቂት ያግዛል፤ ካልወረደ ግን ቆሞ ማሳረፍ ነው። ዘግይቶ መድረስ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ለመኪናም የዕረፍት ጊዜ እንዳለው ማወቅ ይገባል። ሞተር ይታደሳል፥ ካምቢዮ ይለወጣል፤ ነገር ግን ወለሉና ቀበቶዎቹ የታሰሩበት ብረት በዝገት ከተበላ፥ ቀለም ቀብቶ ለሌላ ቤተ ሰብ መሸጥ ጕዳቱን ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው። እስከዚያ ድረስ ግን በሥርዓት የተያዘ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቤተ ሰቡ ከመነሣቱ በፊት «ሞተሩ ይነሣልን?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ «ፍሬኑስ ይይዛልን?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ፤ በኋላ ወንበር የተቀመጡት ሕፃናት ይህን ጥያቄ ራሳቸው ሊጠይቁ አይችሉምና።