ስኔርን ስኔር የሚያሰኘው ሽቦ

ስኔር ድራምን ገልብጠው ቢመለከቱ፣ ከታችኛው ቆዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደሙ፣ እንደ ሞላ የተጠቀለሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ያገኛሉ። በአብዛኞቹ ከበሮዎች ላይ ቁጥራቸው 20 ነው። በጎን ያለውን ማንሻ ዝቅ አድርገው ሽቦዎቹን ከቆዳው ቢያላቅቁና ከበሮውን ቢመቱት፣ የምናውቀው ስለታም «ጭሽ» የለም፤ የሚሰማው ሽቦ እንደሌለው ቶም ከበሮ ያለ ክብ ድምፅ ብቻ ነው። ማንሻውን ሲመልሱት ስኔሩ ይመለሳል። የመሣሪያው ማንነት ያለው በእነዚህ ሽቦዎች ውስጥ ነው።

ሆኖም ድራም ተጫዋቾች ስለ ከበሮው እንጨትና ብረት፣ ስለ ላይኛው ቆዳ፣ ስለ ዱላው ክብደት ብዙ ሲነጋገሩ፣ ሽቦው ከፋብሪካ እንደወጣ ለዓመታት ሳይነካ ይቆያል። ከመላው ከበሮ ዋጋ አንጻር ሽቦ ርካሽ ዕቃ ነው፤ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነው። ሽቦ መምረጥ ማለት የከበሮው የራሱ ድምፅ ምን ያህል ይሰማ፣ የሽቦው ጭሽታስ ምን ያህል ይሸፍነው ብሎ መወሰን ነው። ይህን ውሳኔ ለፋብሪካው መተው አይገባም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዱላው የላይኛውን ቆዳ ወደ ውስጥ ሲገፋ፣ በከበሮው ገላ ውስጥ ያለው አየር የታችኛውን ቆዳ ወደ ውጭ ይገፋል። በላዩ የተጋደሙት ሽቦዎች ለቅጽበት ከቆዳው ይነሳሉ፤ የተወጠሩ ስለሆኑም ተመልሰው ይመቱታል። ይህ መነሳትና መውደቅ በአንድ ምት ውስጥ እየተደጋገመ ሲሄድ ጆሯችን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ እንደ አንድ ጭሽታ ይቀበለዋል። ለዚህም ሲባል የታችኛው ቆዳ እጅግ ስስ ተደርጎ ይሠራል። የተለመደው ውፍረቱ 0.076 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ነጠላው የላይኛው ቆዳ ግን 0.25 ሚሊሜትር ያህል ነው። የገላው የታችኛው ጠርዝም ሽቦው በሚያልፍበት በሁለቱም ወገን በጥቂቱ ዝቅ ተደርጎ ይሞረዳል፤ ያለዚያ የሽቦው ዳርና ዳር ቆዳው ላይ በደንብ አይተኛም።

ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል። ሽቦው እንዲጮህ በመጀመሪያ ከቆዳው መነሳት አለበት። ከልክ በላይ የተወጠረ ሽቦ ለለስላሳ ምት አይነሳም፤ በጣም የላላ ደግሞ ምቱ ካለፈ በኋላም ይንጫጫል። የሽቦ ምርጫ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚደረግ ሚዛን ነው።

የበገና ድምፅ የለመደ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በበገና ላይ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራዋ፣ አውታሩ ሲደረደር እየነካችው ያንን የሚነዝር ድምፅ ታወጣለች። ደርዳሪው እንዝራዋን በጥቂቱ ወዲህና ወዲያ እያደረገ ንዝረቱ እስኪስማማው ይፈልጋል። የስኔር ሽቦም የሚፈልገው ይህንኑ ትዕግሥት ነው፤ ንዝረቱ የሙዚቃው አካል የሚሆነው በልኩ ሲሆን ነው።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በአንድ እጅ ዋሽንት እየተነፋ በሌላው ይመታ የነበረው ትንሽ ከበሮ፣ በቆዳው ላይ የተጋደመ የአንጀት ክር ነበረው። በኋላ ወታደሮች በጎናቸው አንጠልጥለው የሚመቱት ትልቁ ከበሮ ክሮቹን አበዛ። በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ያለው የከበሮ ባህል እስከዛሬ በአንጀት ክር ይጫወታል። የተጠቀለለው የብረት ሽቦ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የዛሬው የድራም ስብስብ ቅርጽ በሚይዝበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ ሬሞ ቤሊ በካሊፎርኒያ በ1957 እ.ኤ.አ. ኩባንያ አቋቁሞ የፕላስቲክ ቆዳን በሰፊው ሲያሠራጭ፣ የታችኛው ቆዳ እርጥበት የማይለዋውጠው ሆነ። ሽቦውም በየአየሩ ጠባዩን የማይቀይር ማረፊያ አገኘ።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሽቦ በቅድሚያ የሚለየው በቁጥር ነው፤ 8፣ 12፣ 16፣ 20፣ 24፣ 30 እና 42 ሽቦ ያላቸው አሉ። በ8 ወይም በ12 ሽቦ የከበሮው ገላ ጎልቶ ይሰማል፤ የእንጨቱ ሙቀት ወይም የብረቱ ጥራት ሳይሸፈን ይወጣል፣ ጭሽታው ከኋላ በስሱ ይከተላል። ወደ 30 እና 42 ሲወጣ ጭሽታው እየወፈረ ይሄዳል፤ የከበሮው የራሱ ኖታ ይደበዝዛል፣ የሽቦው ክብደትም የታችኛውን ቆዳ ያፍነዋል። ዝቅ ተደርጎ ለተቃኘ፣ ወፍራምና ደረቅ ድምፅ ለሚፈለግበት ከበሮ ይህ ይስማማል። 20 ሽቦ መካከለኛ ስለሆነ ነው በብዛት የሚገጠመው። መካከለኞቹ ሽቦዎች ወጥተው በግራና በቀኝ ብቻ የቀሩባቸው ዓይነቶችም አሉ፤ የቆዳው መሐል ነፃ ስለሚሆን ከበሮው የተሻለ ይተነፍሳል። ብዙ ሽቦ ማለት የበለጠ ስኔር ማለት ነው የሚለው ግምት የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ ሽቦ በተጨመረ ቁጥር ከሌላው ወገን የሚቀነስ ድምፅ አለ።

ሁለተኛው መለያ ከምን እንደተሠራ ነው። የብረት ሽቦ ብሩህና ስለታም ነው፤ ከጊታርና ከነሐስ መሣሪያዎች መካከል ጥሶ ይወጣል። የናስ ወይም የነሐስ ሽቦ ጫፉ ለስለስ፣ ድምፁ ጠቆር ይላል። በፕላስቲክ የተሸፈነ የብረት ገመድ ደግሞ ያልተጠቀለለ ስለሆነ እያንዳንዱን ምት ለይቶ ያሰማል፤ ኦርኬስትራዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። የአንጀት ክር ከሁሉም ይልቅ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ ውጥረቱም ይለዋወጣል። የበገናን የአንጀት አውታር በክረምትና በበጋ የቃኘ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል።

ምርጫው ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን የሞሪስ ራቬል የኦርኬስትራ ሥራ፣ ቦሌሮ፣ ያሳያል። በ1928 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ይህ ሥራ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆይ፣ ስኔሩ አንዱን የምት ሐረግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ ይደጋግማል። ሲጀምር ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ዝግ ብሎ ነው፤ ሲጨርስ ከመላው ኦርኬስትራ ጋር ይጮሃል። ብዙና ከባድ ሽቦ የተገጠመበት ከበሮ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለዱላው በቅጡ አይመልስም። ስለዚህ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ቀላል ገመድን ይመርጣሉ፤ አንዳንድ የኦርኬስትራ ከበሮዎችማ ሁለትና ሦስት ዓይነት ሽቦ ጎን ለጎን ተገጥሞላቸው እያንዳንዱ ለብቻው ይወጠራል።

በአንጻሩ ችክችካ ፈጥነው የሚከታተሉ ምቶች አሉት። የሽቦው ጭሽታ ከተራዘመ አንዱ ምት በሌላው ላይ ይወድቅና ምቱ ይደበዝዛል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ 16 ወይም 20 የብረት ሽቦ፣ በመጠኑ ጠበቅ ተደርጎ፣ ምቶቹን ለያይቶ ያሰማል። ጃዝን በብሩሽ የሚጫወት ሰው ግን የብሩሹ ማሻሸት ሽቦውን እንዲቀሰቅሰው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ላላ ማድረግ ይሻለዋል።

አገጣጠሙም ከምርጫው አያንስም። ሽቦው በገላው መሐል፣ ከሁለቱም ጠርዝ እኩል ርቀት ላይ መተኛት አለበት። ጫፎቹ በቀጭን ገመድ፣ በፕላስቲክ ጥብጣብ ወይም በጨርቅ ጥብጣብ ይታሰራሉ፤ ጥብጣብ ውጥረቱን በስፋት ሲያከፋፍል፣ ገመድ ቀስ በቀስ ስለሚሳብ በየጊዜው መታየት ይፈልጋል። የጫፎቹ ብረት ቆዳውን የሚነካ ከሆነ ድምፁን ያፍናል። ሽቦው ሲገዛም የከበሮውን ስፋት ማየት ያስፈልጋል፤ ለ14 ኢንች የተሠራ ሽቦ ለ13 ኢንች ከበሮ ይረዝማል።

ሌላው ሁሉም ድራም ተጫዋች የሚያውቀው ችግር፣ ቶም ሲመታ ወይም ቤዝ ጊታር ሲጮህ ስኔሩ ሳይነካ መንጫጫቱ ነው። የእነዚያ ድምፅ የታችኛውን ቆዳ ስለሚያነቃንቀው ሽቦውም አብሮ ይነሳል። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም፤ ማጥፋትም አያስፈልግም። ቶሙን ከስኔሩ በተለየ ኖታ መቃኘት፣ በሽቦው ዳርና ዳር ያሉትን የታችኛውን ቆዳ ብሎኖች በጥቂቱ ማላላት፣ የሽቦውን ቁጥር መቀነስ ይቀንሰዋል። ሽቦውን እስኪታነቅ መወጠር ግን መፍትሔ አይደለም፤ መንጫጫቱ ቢቀንስም ስኔሩ ለለስላሳ ምት መመለሱን ያቆማል።

አዲስ ሽቦ ከመግዛት በፊት መጀመሪያ የታችኛው ቆዳ በእኩል ይወጠር። ቀጥሎ ያለው ሽቦ ይፈተሽ፤ አንዲት የተጣመመች ወይም ከሌሎቹ የላላች ሽቦ ብቻዋን ከበሮውን ታበላሻለች፣ ተቆርጣ ብትወጣ ይሻላል። ከዚያ ሽቦው እስኪላቀቅ ድረስ ይላላና፣ በዱላው ጫፍ በስሱ እየተመታ ጥቂት በጥቂት ይጥበቅ፤ ለዚያ ለስላሳ ምት ጥርት ብሎ የሚመልስበት ቦታ መነሻው ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ካልተስማማ ያኔ ሽቦው ይቀየር፤ አንድ ጊዜ ቁጥሩ፣ ሌላ ጊዜ የተሠራበት ነገር፣ ሁለቱ ግን አንድ ላይ አይሁን። ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው። በመጨረሻ ሌላ ሰው እንዲመታ አድርጎ ከክፍሉ ማዶ ቆሞ መስማት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ከበሮውን የሚሰማው ከላይ፣ በቅርብ ሆኖ ነው፤ ሽቦው የሚመረጠው ግን አድማጩ ለሚቀመጥበት ቦታ ነው።