ሲፈልጉ ይሰማሉ

«እማሆይ ሲፈልጉ ይሰማሉ፣ ሳይፈልጉ አይሰሙም።» ላስታ፣ ገነተ ማርያም ላይ አያቱን ለጆሮ ምርመራ እኔ ጋ ይዞ የሚመጣ ወጣት ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው በዚህ ነው። ማስረጃውም በእጁ ነው፦ ቡና ደርሷል ሲባሉ ዝም ይላሉ፤ አውሮፕላን ሲመጣ ግን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው ቀና የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ያየው ነገር እውነት ነው። የተሳሳተው ትርጉሙን ነው።

ማዳመጫውን አድርጌላቸው፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጃቸውን እንዲያነሡ እነግራቸዋለሁ። በ250 ኸርዝ፣ በወፍራሙ ድምፅ፣ 25 ዴሲቤል ላይ እጃቸው ይነሣል፤ ይህ የወጣት ጆሮ ያህል ነው ማለት ይቻላል። ወደ 4000 ኸርዝ ስወጣ ግን 70 ዴሲቤል እስክደርስ እጃቸው ከጭናቸው አይነቃነቅም። እርጅና ጆሮን የሚበላው ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ ነው። «ሰ»ን ከ«ፈ»፣ «ተ»ን ከ«ከ» የምንለየው ደግሞ በዚሁ በቀጭኑ ነው። ስለዚህ ሰው እያናገራቸው መሆኑን ያውቃሉ፣ ምን እንዳላቸው ግን አይለዩም፤ መልስ ከመስጠት ዝምታን ይመርጣሉ። ከሩቅ የሚመጣ ጄትስ? ቀጭኑን ድምፅ አየሩ መንገድ ላይ ያስቀረዋል፣ ወፍራሙ ብቻ ይደርሳል። የሚደርሰውም እሳቸው ጋ ሳይጎዳ በቀረው የጆሮ ክፍል በኩል ነው። የልጅ ልጃቸው ድምፅ የተዘጋበት በር ለጦር አውሮፕላን ወለል ብሎ ክፍት ነው።

ቢሾፍቱ በሠራሁበት ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ሐረር ሜዳ የአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር ነው፤ ከተማዋ ከኤፍ-5 እስከ ሚግ-23፣ ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሱኮይ-27 ጋር ኖራለች። ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ስለሚቀንስ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሩጫ ይፈልጋል። ጄት ሲነሣ ምርመራዬን አቋርጬ እጠብቃለሁ፤ ታካሚው ግን ልብ ያለውም አይመስልም። «ምን ሆንክ?» ብሎ የጠየቀኝም አለ። ሜዳው ውስጥ ያለው ቴክኒሻን የጆሮ መከላከያ ያደርጋል፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ነዋሪ ግን ምንም የለውም። መልመድ ደግሞ አለመጎዳት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የሙኒክ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ አዲሱ ሲከፈት፣ ተመራማሪዎች በሁለቱም ዙሪያ ያሉ ልጆችን ተከታትለው ነበር። በአሮጌው አጠገብ የነበሩት ልጆች ንባብና ትውስታ ተሻሻለ፣ በአዲሱ አጠገብ ያሉት ደግሞ ወደ ኋላ ቀሩ። የጆሮ ምርመራ ብቻ የሚያደርግ ሰው ይህን አያገኘውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮጳ ባወጣው መመሪያ የአውሮፕላን ድምፅ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። ቁጥሩ የዓመቱ የቀንና የሌሊት አማካይ ነው። ለቢሾፍቱ ዓይነት ከተማ ይህ ስሌት ይረባል። ላስታ ላይ ግን ጄቱ አንዴ መጥቶ ወር ሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ በአማካይ ሲሰላ የለም ማለት ነው።

የለም? ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ላይ በገበያ ቀን የወረደውን ቦምብ የሰሙ ሰዎች ዛሬም በዚህ አገር አሉ። ያኔ በትግራይ አውሮፕላን በመፍራት ብዙ ገበያ በሌሊት ይቆም ነበር። በ2013 መጨረሻ የትግራዩ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ ከ2015 ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ውጊያ ደግሞ የድሮን ድምፅ ተጨመረ። የላስታ ገደል ራሱ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ፈጣን ጄት ድምፁን ቀድሞት ስለሚሄድ፣ ድምፁ የሚመጣው አውሮፕላኑ አሁን ካለበት ሳይሆን ከነበረበት ነው፤ በዚያ ላይ የገደል ማሚቶው ከየአቅጣጫው ይመልሰዋል። ወዴት እንደሚሸሹ የማያሳውቅ ድምፅ ልብን ለማስመታት መጮህ አያስፈልገውም። በእኔ እምነት የሚለካው ዴሲቤሉ ብቻ ሳይሆን የሰሚው ታሪክም ነው። እናም የልምምድ በረራ ካለ ቀድሞ በሬዲዮ ቢነገር፣ ከቅዳሴ በኋላም ለሕዝቡ ቢገለጽ ምን ይከብዳል? ምስጢር ነው የሚል መልስ እጠብቃለሁ፤ ሁሉም በረራ ግን ምስጢር አይመስለኝም።

እኔ በበኩሌ የምጠይቀውን ጥያቄ ጨምሬአለሁ። «የማይሰማዎት የቱ ነው?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው ድምፅ ያስደነግጥዎታል?» እላለሁ። አያቱን ይዞ ለመጣው ወጣትም የምርመራውን ሠንጠረዥ አሳየዋለሁ፤ አያቱ እንደማያስመስሉ በዓይኑ ሲያይ አነጋገሩ ወዲያው ይለወጣል፣ ዞር ብሎ ፊት ለፊታቸው ይናገራል።

የመስሚያ መሣሪያ የተገጠመላቸው አንዲት መነኩሲት «ልጄ፣ የልጆቹን ድምፅ ተውልኝና የአውሮፕላኑን አውጣልኝ» አሉኝ። መሣሪያው ቀጭኑን ድምፅ ይጨምራል እንጂ በክፍቱ ጆሮ የሚገባውን ወፍራም ድምፅ አያስቀርም። ጆሯቸውን ጥብቅ አድርጎ የሚደፍን ቅርጽ ብሠራላቸው ጥቂት ይቀነሳል፤ ነገር ግን የገዛ ድምፃቸው በጋን ውስጥ የሚናገሩ ያህል ይሆንባቸዋል፣ የከበሮውም ድምፅ ይርቃቸዋል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ ክፍቱ ይሁን» አሉ። የቀጠሮ ካርዳቸው ላይ «ክፍት» ብዬ ጻፍኩ፣ ባትሪ አወጣጡን ለልጅ ልጃቸው አሳየሁት።