ሹክ ልበላችሁ፦ ጣናን በጓሮ በር

ባሕር ዳር የሚገባ እንግዳ የሚሄድበት መንገድ ያው ነው። ጠዋት ሞተር ጀልባ ይከራያል፣ ዘጌ ወርዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ይሳለማል፣ ለምሳ ዓሣ ጥብስ ይደርሳል። ኡራን አትዝለሉት፤ ሥዕሉ ያስደንቃል። እኛ ሐይቁ ዳር ያደግነው ግን አስጎብኚው ቸኩሎ የሚያልፈውን እናውቃለንና ጠጋ በሉ።

መጀመሪያ ነፋሱን እወቁ። ጣና በማለዳ ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ትልቁንም ጀልባ ያንገላታል። የደሴት ሰው መንገድ የሚጀምረው ገና ሲነጋጋ የሆነው ለዚህ ነው። ጀልባ የሚያከራያችሁ ሰው «ከሰዓትም ይደረሳል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

ሴቶች ካላችሁ ደግሞ ሳትነሱ ጠይቁ። የደሴት ገዳማቱ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ይህን ጀልባዋ ዳር ከደረሰች በኋላ የሚሰሙ እናቶች አሉ፤ ያሳዝናል። ክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችን ይቀበላል። ዳጋ የሚወጡ ወንዶች በዕቃ ቤቱ የነገሥታቱን የይኩኖ አምላክን፣ የዳዊትን፣ የዘርዓ ያዕቆብንና የፋሲለደስን አፅም ያያሉ።

ጊዜ ካላችሁ ደቅ ድረስ ዝለቁ። ከጣና ደሴቶች ትልቁ ነው፤ ገዳም ብቻ ሳይሆን አርሶ የሚበላ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሕዝብ ያለበት። በምዕራብ ጫፉ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። የመቅደሱን ግድግዳ ስታዩ ዓይናችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው የምታዩአቸው ሴት እሳቸው እቴጌይቱ ናቸው። ብዙ ሰው ሳያስተውላቸው ይወጣል።

ዋናው ወሬዬ ግን የደንገል ታንኳ ነው። ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ በእቅፍ በእቅፍ እየተደረገ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። ከላዩ ሌላ ደረቅ ደንገል ይደረብበታል፤ ቀዛፊውም ጭነቱም እዚያ ላይ ነው። ታንኳ ውኃ አያስገባም ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ በደንብ ያስገባል። የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። መቅዘፊያው የቀርከሃ ዘንግ ነው፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ከመንገድ መልስ ዳር ላይ ይጎተትና ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ይደረጋል። ያ ካልሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፤ በጥንቃቄ ቢያዝም ዕድሜው ወራት ነው። ማገዶው፣ ጌሾው፣ ቡናው ሐይቁን ሲሻገር የኖረው በዚህ ነው። ደንገል ከሌለ ደግሞ ታንኳ የለም።

በታንኳ ሥራ ሙያ የሐይቁን ዳር ሕዝብ ወይጦዎችን የሚያህል የለም። አባቶቻቸው ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ሥጋውን ይበላሉ ተብሎ ጎረቤት ማዕድ ሲነፍጋቸው ኖሯል። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። በሠሩት ታንኳ እየተሻገርን፣ በሰፉት ዕቃ እያቀረብን፣ እነሱን ከገበታ ማራቃችን ነውር ነው፤ ነውሩም የእኛ እንጂ የእነሱ አይደለም። ይህን በጉብኝት መሐል የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም፤ እኔ ግን ሳልነግራችሁ ብትሄዱ ይከነክነኛል።

ደንገሉም እየሳሳ ነው። የሐይቁ ዳር ሲታረስ ቦታው ይጠብባል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው የእምቦጭ አረም ደግሞ በተለይ ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወርሶት ከርሟል። እምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ሲወጣ ስለ ዓሣው ይወራል፤ ተገቢ ነው፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉት እዚህ ነውና። ስለ ደንገሉና ስለ ታንኳ ሠሪው ግን እምብዛም አይነሳም።

እንግዲህ ስትመጡ ታንኳ ቀዛፊውን ካሜራ ከመደቀናችሁ በፊት ሰላም በሉት፣ ፈቃዱንም ጠይቁ። የወይጦ እናቶች ከደንገል የሚሰፉትን ዕቃ ከነጋዴ ሳይሆን ከእጃቸው ግዙ። በዋጋውም አትከራከሯቸው።