የቲሙ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው



የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ወላጁን ያጣን ሕፃን ማብላት፣ ማልበስና ማስተማር ምን ያህል አጅር እንዳለው ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። ለየቲሞች በየወሩ የሚሰጠው ድጋፍ በአብዛኛው ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ይቋረጣል። በሕግም ቢሆን በዚህ ዕድሜ አካለ መጠን እንደ ደረሰ ይቆጠራል። አባት ያለው ልጅ በዚህ ጊዜ ወደ አባቱ ማሳ ወይም ሱቅ ይጠጋል፤ የቲሙ ግን የሚጠጋበት የለውም። ታዲያ ድጋፉ በተቋረጠ ማግሥት በምን ይተዳደራል?

የብዙዎቻችን መልስ «ዩኒቨርሲቲ ይግባ» የሚል ነው። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነዋል። በዚህም ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። በመሆኑም ለአብዛኞቹ የቲሞች ሌላ በር ያስፈልጋቸዋል። ይህ ጽሑፍ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያ በር ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን ያለ እኛ እገዛ ልጁ ደጃፉ ላይ ሊቀር እንደሚችል ለማሳየት ይሞክራል።

ደብረ ብርሃን የምትፈልገው ሰው

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ለረጅም ዘመን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስትታወቅ ኖራለች። ከዚያ ወዲህ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። በዙሪያዋም ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ተተክለዋል።

ፋብሪካ ሲበዛ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ይፈለጋል። አንደኛው በመስመር ላይ ተቀምጦ አንድን ሥራ እየደጋገመ የሚሠራ ነው። ይህ ሰው በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ሥራውን ይለምዳል፤ ደመወዙ ግን አነስተኛ ነው። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለም የቤት ኪራይና ምግብ ከፍሎ የሚተርፈው እምብዛም ነው። ሁለተኛው ማሽኑን የሚጠግን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚዘረጋ፣ የሚበይድና ብረት የሚቀርጽ ባለሙያ ነው። እጥረቱ የሚታየው በዚህኛው ላይ ነው። ብዙ ድርጅቶች የጥገና ባለሙያ ከሌላ ከተማ፣ አልፎ አልፎም ከውጭ አገር እስከ ማስመጣት ይደርሳሉ። የሥራ ያለህ የሚሉ ወጣቶችና የባለሙያ ያለህ የሚሉ ፋብሪካዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው።

ይህ የከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በገጠር ቀበሌ የእህል ወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ በተበላሸ ጊዜ ጠጋኝ እስኪመጣ ድረስ የሚቸገሩት እናቶች ናቸው። በመንደሩ ያደገ ልጅ ይህንን ሙያ ቢይዝ ራሱንም አገሩንም ይጠቅማል።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጣል?

ለአካባቢው ወጣቶች ቅርብ ከሆኑት የመንግሥት ማሠልጠኛዎች አንዱ የደብረ ብርሃን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናው በክፍል ውስጥ ብቻ እንዳይወሰን ይጠይቃል። ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ ወይም በጋራዥ ከሥራው ጋር እየተለማመደ፣ ቀሪውን በኮሌጅ እየተማረ እንዲያልፍ ያዛል። ይህም «የትብብር ሥልጠና» ይባላል። በጀርመን ለብዙ ዘመን የቆየው አሠራርም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

ሥልጠናው ከደረጃ 1 ጀምሮ በየእርከኑ ይሰጣል። ሠልጣኙ አንዱን እርከን ሲያጠናቅቅ የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ይወስዳል፤ በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለው ነው። ምዘናው በተግባር የሚታይ ሲሆን፣ ቀጣሪዎች በአብዛኛው የሚጠይቁትም ይህንኑ ማስረጃ ነው። ከመደበኛው ሥልጠና በተጨማሪ ትምህርታቸውን ላቋረጡ ወጣቶች የሚሆኑ አጫጭር ሥልጠናዎች አሉ። የመግቢያ መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ አሳዳጊዎች ከምዝገባ በፊት ኮሌጁን በአካል ቀርበው ቢጠይቁ ይመረጣል።

ልጁን ከደጃፉ የሚመልሰው

የመጀመሪያው እንቅፋት ርቀት ነው። በአሜሪካ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር በ1901 በጆሊየት ከተማ የተጀመሩት የማኅበረሰብ ኮሌጆች ዋና ጥቅማቸው ድኻ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ መማር መቻሉ ነበር። ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ አናት ላይ ያለችውን አንኮበርን እንመልከት። ከአንኮበር ቆላ አንዲት የቲም ልጅ በደብረ ብርሃን ለመሠልጠን ተመረጠች እንበል። በየቀኑ መመላለስ አይሆንላትም። ኮሌጆቹም በአብዛኛው እንደ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያና የምግብ አገልግሎት የላቸውም። ስለዚህ ቤት ተከራይታ፣ ምግቧን ችላ፣ በብርዳማው ከተማ ብርድ ልብስ ገዝታ መኖር ግድ ይሆንባታል። የመንግሥት ሥልጠና ክፍያው ቀላል ቢሆንም መኖሪያው ከባድ ነው። ጭንቁ የሚብሰው ደግሞ ሥልጠናው ሳያልቅ 18 ዓመት ሞልቷት ወርኃዊ ድጋፏ ከተቋረጠ ነው። እዚያ ላይ አቋርጣ ከተመለሰች እስከዚያ የተደከመባት ሁሉ ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል።

ሁለተኛው እንቅፋት ሙያን መናቅ ነው። አንኮበር ከዐሊዩ አምባ ገበያ ጋር የተያያዘ የረጅም ዘመን የንግድ ታሪክ ያላት ናት። ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች በዚያ ይገናኙ ነበር። የአርጎባ ሙስሊሞችም በንግድና በሽመና የታወቁ ናቸው። ይህም ሆኖ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዛሬም ቢሆን «ፈተና የወደቀ ልጅ የሚሄድበት» የሚለው አነጋገር ከአፋችን አልጠፋም። እኛ ሙስሊሞች ግን ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት እየሠሩ ከእጃቸው ድካም እንደበሉ፣ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ፣ የቲም ሆነው ያደጉት ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው በግ እንደጠበቁ እናውቃለን። ነቢያት ያላፈሩበትን ሥራ ልጆቻችን የሚያፍሩበት ምክንያት የለም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለአንድ የቲም ድጋፍ የምታደርጉ ወገኖች፣ ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ስለ ሙያ ምርጫው ማኅበሩንና አሳዳጊውን ጠይቁ። ድጋፉ በልደት ቀን ሳይሆን ሥልጠናው ተጠናቆ ምዘናው ሲያልፍ እንዲያበቃ ማድረግ ከተቻለ የተለፋበት ልጅ መሐል መንገድ ላይ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ከሥልጠና በኋላ የመሣሪያ ጉዳይ ይመጣል። ሰርተፍኬት ይዞ መበየጃ ወይም የስፌት መኪና የሌለው ወጣት ሙያው በእጁ እያለ ሥራ ፈት ይሆናል። ከሻፊዒይ መዝሀብ ታላላቅ ሊቃውንት ኢማም አን-ነወዊ፣ ሙያ ያለው ድኻ የሙያውን መሣሪያ የሚገዛበት ያህል ከዘካ እንዲሰጠው ጽፈዋል። ዘካችሁን በዚህ መንገድ ለማዋል የምትሹ የአካባቢያችሁን ዑለማእ አማክሩ።

ሦስተኛ፣ ጋራዥ፣ የብረታ ብረት ቤት ወይም የልብስ ስፌት ድርጅት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለአንድ ሠልጣኝ የትብብር ሥልጠና ቦታ ብትሰጡ ከገንዘብ የማይተናነስ እርዳታ ነው። ኮሌጆች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት ሠልጣኙን የሚቀበል ድርጅት በማግኘት ነው።

አራተኛ፣ አሳዳጊዎች ሆይ፣ ችግር ቢያስገድዳችሁም ልጁን ያለ ዕድሜው ወደ ሥራ አትላኩት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ዓመት ያልሞላውንም በአደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትን አይፈቅድም። ሙያ ስትመርጡም የፋብሪካው ስም አያማልላችሁ። ልጁ ከአንድ ፋብሪካ ቢወጣ በሌላው፣ ከተማ ቢጠበው በመንደሩ ሊሠራበት የሚችለውን ሙያ ምረጡ። ሴት ልጆችንም ከኤሌክትሪክና ከማሽን ጥገና አታርቁ፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄና ትዕግሥት ነውና።

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ዛሬ የምንሰጠው ዱቄትና ደብተር የዛሬን ችግር ያስወግዳል። ሙያ ያገኘ የቲም ግን ነገ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ ኢንሻአላህ እርሱም በተራው የሌላ የቲም ደጋፊ ይሆናል። አላህ ከሰጪነት ማዕረግ ከሚያደርሷቸው ያድርጋቸው፤ የእናንተንም ይቀበላችሁ። አሚን።