ቡና በደን ጥላ ሥር

በከፋ ወይም በኢሉባቦር ደን ውስጥ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው የብርሃንን እጥረት ነው። ቀረሮና ሌሎችም ረጃጅም ዛፎች ቅርንጫፎቻቸውን አያይዘው ከላይ ስለሚሸፍኑት ወደ መሬት የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው። የአረቢካ ቡና በዱር የሚኖረው በዚሁ ድንግዝግዝ ውስጥ ነው፤ ጠባዩም የተቀረጸው በጥላ ነው።

በጥላ ያደገ ቡና ቅጠሉ ሰፋና ሳሳ ያለ ነው፤ ይኸውም የተገኘችውን ጥቂት ብርሃን ለመሰብሰብ ነው። ጫፉ ሾል ማለቱ ደግሞ የዝናቡ ውሃ ቶሎ እንዲንጠባጠብ ይረዳል። ቅጠሉን ገልብጦ በማጉያ መነጽር የተመለከተ፣ ጅማቶቹ በሚገናኙበት ሥፍራ ትናንሽ ጉድጓዶች ያገኛል። በነዚህ ውስጥ ቅንጣት የሚያህሉ ተሐዋስያን ይጠለላሉ፤ አንዳንዶቹም ሻጋታንና ጎጂ ተሐዋስያንን የሚበሉ ናቸው። (ቡናው ለዘበኞቹ ቤት ሠርቷል ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።)

እምቡጡ በደረቁ ወራት እንደተኛ ቆይቶ ዝናብ ሲያገኝ ይፈነዳል። ንቦች ቢረዱትም በራሱ ብናኝ ማፍራት ይችላል።

ገበሬው ብዙ ፍሬ ለማግኘት ዛፎቹን ሲያሳሳ ምርቱ ይጨምራል። የኑሮ ጉዳይ ነውና ይህን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን አብሮ የሚመነጠረው የዛፍ ችግኝ የነገው ጥላ ነው። በሽታንና ድርቅን የሚቋቋም ዘር የሚፈለገውም ከዚሁ ከዱሩ ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ከ124 የዱር ቡና ዐይነቶች ውስጥ ከመቶ 60ው የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው ገልጿል፤ አረቢካም ከነዚሁ አንዱ ነው።