ሁሉም ሲያንስ ቀለም አያንስም

«በዚህ ዕድሜህ በመጫወቻ መኪና ትጫወታለህን?» ይህን ጥያቄ ባለፈው ወር ውስጥ ከሦስት ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ፤ አንዷ እናቴ ናት። ጥያቄው ያለ ቦታው የተጠየቀ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወንበር የያዘ ሰው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በጠረጴዛ ላይ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፎ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ፕላስቲክ በወረንጦ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ሲያጎነብስ ያየ ሁሉ ቢስቅ አይፈረድበትም። እኔም በጊዜው መልስ አጥቼ ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን አንባቢ ቢፈቅድልኝ ልሞክር።

ነገሩ የተጀመረው ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ወዳጄ በካርቶን የታሸገ ስጦታ ባመጣልኝ ቀን ነው። በውስጡ የነበረው፣ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚያወጣው የአንዲት የእሽቅድምድም ኦቶሞቢል አምሳያ ነው፤ ስሟም ሆንዳ አር ኤ 272 ይባላል። አምሳያ ሲባል ተሠርቶ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ክፍሎቹ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው ይመጣሉ እንጂ፣ ቆርጦና ሞርዶ፣ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ ኦቶሞቢል የሚያደርጋቸው ገዢው ራሱ ነው። መጠኗ ከእውነተኛይቱ ሃያ ጊዜ ያነሰ በመሆኑ፣ ሥራው ሲያልቅ ርዝመቷ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ካልተቀረጸ እርሳስ ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው።

ስለ እውነተኛይቱ ኦቶሞቢል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የማያውቁትን ነገር አሳንሶ መሥራት አይቻልምና። ሆንዳ በሞተር ብስክሌት ስሙን ያስጠራ ኩባንያ ሲሆን፣ ባለ አራት እግር ተሽከርካሪ ለገበያ ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዓመት ሞላው አልሞላው፣ በ1964 በጀርመን አገር በተደረገው ታላቅ ውድድር ላይ እነ ፌራሪና እነ ሎተስ ካሉበት ሜዳ ገብቶ ተሰለፈ። ያን ጊዜ ድል አልቀናውም። በሚቀጥለው ዓመት ግን፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1965፣ በሜክሲኮ ከተማ አሜሪካዊው ሪቺ ጊንተር ይህችኑ ኦቶሞቢል ይዞ ከመጀመሪያው ዙር እስከ 65ኛው ድረስ ማንንም ሳያስቀድም አሸነፈ። ባልደረባው ሮኒ ባክነምም 5ኛ ሆነ። ሜክሲኮ ከተማ እንደኛዋ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በእንዲህ ያለ ስስ አየር ሞተር እንዴት ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሽቅብ ወደ እንጦጦ የነዳ ሰው ያውቀዋል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ግን ቀኑ ነው። በዚያ ዘመን የውድድር ደንብ ከአንድ ሊትር ተኩል የሚበልጥ ሞተር አይፈቀድም ነበር። ደንቡ በ1965 መጨረሻ ላይ ሊሻር፣ ከ1966 ጀምሮም ባለ ሦስት ሊትር ሞተር ሊተካ ተወስኖ ነበርና፣ የሜክሲኮው ውድድር በአሮጌው ደንብ የተደረገ የመጨረሻው ሆነ። በዚያ ቀን ባታሸንፍ ኖሮ ይህች ኦቶሞቢል ሌላ ዕድል አልነበራትም። ሞተሯ 1,495 ሲሲ ሲሆን ለ12 ሲሊንደር የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር የሚይዘው ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ይህም ሞተር ከነጂው ጀርባ በወርዱ ተጋድሞ፣ እንደ ጡሩንባ የተከፈቱ 12 የአየር መሳቢያዎቹ ከላይ ይታያሉ። እነዚያን 12 ጡሩንባዎች አንድ በአንድ ማቆም ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ስለ ማርሚታዎቹ ባላወራ ይሻላል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ ችግሬ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። በዚያ ዘመን የእሽቅድምድም ኦቶሞቢሎች የሚቀቡት በየአገራቸው ቀለም ነበር፤ ለኢጣሊያ ቀይ፣ ለእንግሊዝ አረንጓዴ፣ ለፈረንሳይ ሰማያዊ። የጃፓን ነጭ ሆኖ ቀይ ፀሐይ ያለበት ነው። ከ1968 ወዲህ ግን የሲጋራና የሌላም ሸቀጥ ነጋዴዎች ገንዘብ እየከፈሉ ኦቶሞቢሎቹን በማስታወቂያ ሸፈኗቸው። ለአምሳያ ሠሪ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። የኋለኞቹን የሚሠራ ሰው ቀለሙ ቢበላሽበት ጥፋቱን የሚሸፍን ጽሑፍና ምልክት ሞልቶለታል። ነጯ ሆንዳ ግን አንዲት ፀሐይና ጥቂት ቁጥር ብቻ ነው ያላት፤ የቀረው ሁሉ ባዶ ነጭ ነው። ሳጥኑን ስከፍት ቀላል ሥራ የመሰለኝ በዚሁ ምክንያት ነበር። የሞኝ ግምት!

ምክንያቱን ላስረዳ። በፋብሪካ ሁሉንም ነገር በሃያ ማካፈል ይቻላል። ታሚያ በዚህ ረገድ ቀልድ አያውቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን የፖርሽ 934 አምሳያ ለማዘጋጀት፣ በ2025 ያረፉት የኩባንያው ኃላፊ ሹንሳኩ ታሚያ እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው ፈታትተዋታል። ነገር ግን መሪው፣ ጎማው፣ ቸርኬው ሁሉ በልክ ሲያንስ ቀለም አያንስም። በብሩሽ የተቀባ ቀለም ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በሃያ ሲባዛ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእውነተኛይቱ ኦቶሞቢል ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀለም የለሰነ ሠራተኛ ሥራውን ባጣ ነበር! ከብሩሽ ላይ ወድቃ የቀረች ፀጉርም በዚሁ ሒሳብ ወፍራም ሽቦ ትሆናለች። አቧራውማ የመንገድ ጠጠር ነው። ስለዚህ ሠሪው ኦቶሞቢሏን ሳይሆን ቀለሙንና የራሱን እጅ ለማሳነስ ነው የሚታገለው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ካጠፋሁ በኋላ ነው። ክፍሎቹን በሳሙና አጥቤ ከፋብሪካ የተረፈውን ቅባት አስለቅቄ ነበር። የተጋጠመበትን ስንጥቅ በስቱኮ ደፍኜ፣ በውኃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ግራጫ የመደብ ቀለምም አልብሻለሁ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ነጩን ስቀባ ግራጫው ከሥር እየታየ አናደደኝ። ነጭ የታችኛውን ቀለም ለመሸፈን ሰነፍ ነው። «አንድ ጊዜ አወፍሬ ልገላገል» አልሁና ብሩሹን ሞልቼ አለበስኋት። ማታ የምታበራ፣ የምታምር ነበረች። ጧት ስነሣ ቀለሙ በጎኗ እንደ ሻማ ተንጠባጥቦ ደርቋል፤ የክዳኖቹ መጋጠሚያ መስመሮችም ተደፍነው ጠፍተዋል። በቢሮ የቸኮለ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይመሰገናል፤ መዝገቡም ወደ ሌላ ጠረጴዛ ያልፍለታል። ይህች ግን ከእኔ ጠረጴዛ የትም አትሄድም።

የዚያኑ ዕለት ቲነር ልገዛ ተነሥቼ ነበር። አለመግዛቴ በጀኝ፤ ቲነር ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ፕላስቲኩንም ጨምሮ ያቀልጠዋል። ያወጣኝ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አልኮልና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው፤ ቀለሙ በውኃ የሚቀጥን ዓይነት ስለነበረ ለአልኮል ተሸነፈ። የሦስት ሳምንት ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ታጥቦ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

በሁለተኛው ዙር ቀለሙን ወተት እስኪመስል አቀጠንሁት። የመጀመሪያው ቅብ ያስፈራል፤ ነጭ ሳይሆን ያደፈ ነጠላ ይመስላል። እዚህ ላይ ተጨማሪ ላለመቀባት እጅን ማሰር ያስፈልጋል። አንድ ቀን አድርቆ፣ በስሱ አሽቶ፣ አቧራውን ጠርጎ ሁለተኛውን መቀባት፤ እንደገና ማድረቅ። በሦስተኛው ላይ ግራጫው መሸሽ ጀመረ። በአራተኛው መስመሮቹ ስለታቸውን እንደያዙ ነጭ ሆነች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለሦስቱ ጠያቂዎቼ እንዴት እንደምነግራቸው ግን አሁንም አላውቅበትም።

አምስተኛው ቅብ የተቀባው ትናንት ማታ ነው። አቧራ እንዳይነካት በጎድጓዳ ሳህን ከድኛታለሁ፤ ሳህኑ የእናቴ ነው፤ አላስፈቀድሁም። ዛሬ ጧት ሳህኗን ፍለጋ መጥታ ከፈት አደረገችና ጎንበስ ብላ ብዙ አየቻት። ከዚያ በሳጥኑ ክዳን ላይ ወዳለው ሥዕል ዞራ፣ «ይህቺ ቀይዋ ታዲያ የት አለች?» አለችኝ። ፀሐይዋ በውኃ ተነክራ የምትለጠፍ ናት፤ ገና ከነወረቀቷ በፖስታ ውስጥ ነች፤ ነጩ በደንብ እስኪደርቅ እስከ ረቡዕ አልነካትም አልኋት። እናቴም ሳህኑን መልሳ ከደነችና ሌላ ፍለጋ ወደ ጓዳ ሄደች።