ዘመድ የሚገኝባቸው አሮጌ ጋዜጦች

በ1879 ሳውዝዌስተርን ክርስቲያን አድቮኬት የተባለ፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የሚታተም የሜቶዲስት ጋዜጣ «የጠፉ ወዳጆች» የሚል ዓምድ ያወጣ ነበር። (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ የተጻፉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ባርነት በሕግ ከተሻረ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። እናቶች ከጉያቸው ተነጥቀው የተሸጡ ልጆቻቸውን፣ የጎለመሱ ልጆች ደግሞ በሕፃንነታቸው የተለዩአቸውን ወላጆች ገና ይፈልጉ ነበር። ዓምዱ የእነሱ አፋልጉኝ ሆነ። የጋዜጣው ደንበኛ በነጻ ያወጣል፤ ደንበኛ ያልሆነ 50 ሳንቲም ይከፍላል። የጋዜጣው የዓመት ዋጋ 2 ዶላር በነበረበት ጊዜ ይህ ለድሃ ገበሬ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ጋዜጣው 500 ለሚጠጉ ሰባኪዎች፣ ለ800 ፖስታ ቤቶችና ከ4,000 ለሚበልጡ ደንበኞች ይላክ ነበር። ሉዊዚያና፣ ቴክሳስ፣ ሚሲሲፒ፣ አላባማና አርካንሶ ድረስ ይሄዳል። ከባርነት ከወጡት ብዙዎቹ ፊደል ስላልቆጠሩ፣ አዘጋጆቹ ሰባኪዎች ማስታወቂያዎቹን በጉባኤ ፊት እንዲያነቡ ይለምኑ ነበር። በሬዲዮ አፋልጉኝ ሲነገር እየሰማ ያደገ የአገራችን ሰው፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ የእናቱ ስም ይጠራ እንደሆነ የሚጠባበቅ ሰው ስሜት አይጠፋውም።

ማስታወቂያዎቹ አጫጭር ናቸው፤ የያዙት ግን ብዙ ነው። ፈላጊው የእናቱንና የአባቱን ስም፣ ቀጥሎም የወንድሞቹንና የእህቶቹን ስም ይዘረዝራል። ማን ለማን እንደሸጠው፣ የትኛው ነጋዴ ወደየትኛው አውራጃ እንደነዳው፣ ጌታው ሲሞት ሰዎቹ ለወራሾች እንዴት እንደተከፋፈሉ ይናገራል። መጨረሻ ላይ መልስ የሚላክበት አድራሻ አለ፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቄስ ስም ነው። ከአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለትና ሦስት ትውልድ፣ ሁለትና ሦስት አገር፣ የመጨረሻው መኖሪያና ደብር ይገኛል።

የዚህ ዋጋ የሚታወቀው ሌላው መዝገብ ምን እንደሚል ሲታይ ነው። በ1850ና በ1860 በተደረጉት የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራዎች በባርነት የነበሩ ሰዎች በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ ተመዘገቡ፤ ስም አልተጻፈላቸውም። አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ነው። የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ የሚቆጥር ጥቁር አሜሪካዊ እዚህ ዓመት ላይ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል። መንግሥት ያልጻፈውን ስም ግን ልጆቹ ራሳቸው፣ በራሳቸው አንደበት፣ በጋዜጣ አጽፈውታል።

ዛሬ ሂስቶሪክ ኒው ኦርሊንስ ኮሌክሽን የተባለው ተቋም እስከ 1900 መጨረሻ በዚህ ዓምድ ከወጡት ማስታወቂያዎች ከ2,500 የሚበልጡትን በኢንተርኔት በነጻ እንዲፈለጉ አድርጓል። የቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፊላደልፊያ ከምትገኘው ከማዘር ቤቴል ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ በ2017 «ላስት ሲን» የተባለ ስብስብ ከፍቷል፤ ክርስቲያን ሪከርደርን ከመሰሉ ጋዜጦች ተመሳሳይ ማስታወቂያዎችን ይለቅማል። በዚያን ጊዜ ካፈላለጉት መካከል ዘመዳቸውን ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ግን ዛሬ ማስታወቂያውን እያነበቡ ሐረጋቸውን ይቀጥላሉ።

የጌቶቹ ጋዜጦችም፣ ሳይፈልጉት፣ ምስክር ሆነዋል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ፍሪደም ኦን ዘ ሙቭ» ያመለጡ ሰዎችን ለማስያዝ የወጡ ማስታወቂያዎችን ይሰበስባል። ጌትዬው የኮበለለበትን ሰው ቁመት፣ ጠባሳ፣ ሙያና አነጋገር ይገልጻል፤ ሚስቱ ወይም እናቱ ወዳለችበት መንደር ሳይሄድ እንዳልቀረም ይጠቁማል። እነዚህን ማንበብ ያማል። ይሁን እንጂ የአንድ ቅድመ አያት መልክ በጽሑፍ የሚገኘው አንዳንዴ እዚያ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ልዩ ስብስቦች ሌላ፣ ብዙ ጋዜጣ በአንድ ላይ የያዙ ትልልቅ ቋቶች አሉ። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከብሔራዊ የሥነ ሰብእ ድጋፍ ድርጅት ጋር በ2007 የከፈተው «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» ከ20 ሚሊዮን በላይ ገጾች ይዟል፤ በነጻ ነው። የኒውዚላንዱ «ፔፐርስ ፓስት» እና የአውስትራሊያው «ትሮቭ» እንዲሁ ነጻ ናቸው። በ2011 የተከፈተው የብሪታንያው የጋዜጦች ቋት ክፍያ ይጠይቃል። አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክፍያ የሚጠይቁ ቋቶችን ለአባሎቻቸው በነጻ ስለሚያቀርቡ፣ ከመክፈል በፊት የሰፈርን ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ይበጃል።

አሠራሩን ማወቅ ፍለጋውን ያቀላል። ጋዜጣው፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ከተነሣበት ማይክሮፊልም ላይ፣ ስካን ይደረጋል። ከዚያ ፊደል ለቃሚ ፕሮግራም ምስሉን እያየ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል። ፈላጊው ስም ሲያስገባ ኮምፒውተሩ የሚያስሰው ምስሉን ሳይሆን ይህን ጽሑፍ ነው። ቀለሙ ከደበዘዘ፣ ወረቀቱ ከታጠፈ ወይም ሁለት ዓምዶች ከተጠጋጉ ፕሮግራሙ ይስታል፤ በመስመር መጨረሻ ለሁለት የተቆረጠ ስምም ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚል መልስ ሰውዬው ጋዜጣ ላይ የለም ማለት አይደለም። ትሮቭ ለዚህ የሠራው መላ የሚደነቅ ነው፤ ማንኛውም አንባቢ ምስሉን እያየ የተሳሳተውን መስመር እንዲያርም ፈቅዷል። በበጎ ፈቃደኞች የታረመ እያንዳንዱ መስመር ለቀጣዩ ፈላጊ አንድ ሰው ሊያወጣለት ይችላል። በ2023 ትሮቭ በገንዘብ እጦት ሊዘጋ ነው ተብሎ ሲሰጋ ሕዝቡ ጮኸ፤ መንግሥትም ለአራት ዓመት 33 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መደበለት።

ፍለጋው ላይ ቀዳሚው ቁም ነገር ስም ብቻ አለመያዝ ነው። የዱሮ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ያገባችን ሴት በባሏ ስም ይጠሩ ስለነበር የራሷ ስም ጭራሽ ላይጻፍ ይችላል። አገባሁ ብላ የአባቷን ስም የማትተው ሴት ለለመደ የእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። ወንዶቹም ብዙ ጊዜ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጻፋሉ። ስሙ እምቢ ካለ መንገዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የጎረቤቱን ስም መሞከር ነው። ከዐበይት ዜናዎች ይልቅ ትንንሾቹ ዓምዶች ይሻላሉ። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች በየከተማው ወኪል ነበራቸው፤ ማን ማንን ሊጠይቅ እንደመጣ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደተመረቀች በየሳምንቱ ይጽፋሉ። «የአክስቱ ልጅ ከቺካጎ መጥታ ሰነበተች» ዓይነት ወሬ በዘመኑ ተራ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለት ቤተሰብ ያገናኛል።

ኢትዮጵያን ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ የውጭ ጋዜጦች አገሪቱን አቢሲኒያ ይሉ ስለነበር፣ በዚያ ስም ያልፈለገ አብዛኛው ዘገባ ያልፈዋል። የሰው ስም አጻጻፍም እንደ ጋዜጠኛው ነው። ከመቅደላ በ1868 ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ የኒው ኦርሊንሱ ዓምድ ይወጣ በነበረበት በ1879 ሊድስ ላይ ዐረፈ፤ ዜናው አውስትራሊያ ድረስ ታትሟል። ስሙ ግን «አላማዩ» በሚል ድምፅ፣ ያውም በተለያየ ፊደል ነው የተጻፈው። ዛሬ ባለው አጻጻፍ የፈለገ ሰው ላያገኘው ይችላል። ደግሞም በእኛ ዘንድ ከትውልድ ትውልድ የሚሻገር የቤተሰብ ስም የለም። የአያትን ስም ፈልጎ ያጣ፣ በቅድመ አያት ስም፣ በማዕረግ፣ በተወለዱበት አገር ይሞክር። ቤተሰቡ የነገራችሁ ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ሰባት ወይም ስምንት መጨመርን አትርሱ። ከቤተ እስራኤል ወገን ለሆነ ፈላጊ በእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የአይሁድ ጋዜጦች ቋት አለለት፤ አይሁዳዊው ተመራማሪ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ከጀመረ ወዲህ የአይሁድ ጋዜጦች ስለ ቤተ እስራኤል መጻፋቸው በዝቷል።

ጋዜጣ ግን ይሳሳታል፤ ያዳላልም። ስም ያጣምማል፣ ዕድሜ ይገምታል። በነጮች ጋዜጦች ውስጥ ጥቁር ሰው በብዛት የሚነሣው በወንጀል ክስ ነበር፤ በዚያ ብቻ አንድን ቅድመ አያት መፍረድ ግፍ ነው። ያገኙትን ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ ከፍርድ ቤት ሰነድና ከሽማግሌ ቃል ጋር ማመሳከር ግዴታ ነው። እኔ ጋዜጣን የምቆጥረው እንደ መጀመሪያ ጥቆማ እንጂ እንደ መጨረሻ ማስረጃ አይደለም።

የእኛም ጋዜጦች ይህን ሀብት ይዘዋል። ብርሃንና ሰላም በ1925፣ አዲስ ዘመን በ1941 (በ1933 ዓ.ም.) መታተም ጀምረዋል። የሹመት ዜና፣ የኀዘን መግለጫ፣ ፍርድ ቤት ተከራካሪን ወይም ወራሽን የሚጠራበት ማስታወቂያ፣ ሁሉም የሰው ስም ከነአባቱ የሚያስቀምጡ ናቸው። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሮጌ እትሞችን አስወጥቶ ማገላበጥ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን ቤታችሁን ተመልከቱ። ብዙ ሰው ቤት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በፎቶ አልበም መካከል፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ ቁራጭ አለ፤ ቀኑና የጋዜጣው ስም ግን አብሮ ተቆርጦ ቀርቷል። አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ የየትኛው ጋዜጣና የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ስማቸው የተጠቀሰው ሰዎች ምናቸው እንደሆኑ ጠይቁ። መልሱን በፖስታ ላይ ጽፋችሁ ቁራጩን እዚያ ውስጥ አኑሩት፤ ከነፖስታው ፎቶ አንሥታችሁም ለዘመድ ሁሉ ላኩ።